ወንዝ እስከ መቀባት የደረሱ ስደተኞች፦ ስለ አየርላንዶች ሰልፍ የምታውቁ ንገሩኝ

ባለታክሲው (ቺካጎ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2:10

ዛሬ ጠዋት ታክሲዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየመጋቢቱ ለአየርላንዶች የቅዱስ ፓትሪክ በዓል መንገድ ሲዘጋብኝ ከመራገም በቀር ወንዙን ሲቀቡት አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ሥራም ቀዝቃዛ ነበር፣ ብርዱም እንደ ወትሮው አጥንት ሰርስሮ አይገባም። እስቲ ልየው አልኩ።

4 ሰዓት ገደማ ሁለት ጀልባዎች ብቅ አሉ። በአንደኛው ላይ ያሉት ሰዎች ወንፊት ይዘዋል። እናቴ ጤፍ የምትነፋበት ሰፊው አይደለም፤ ለኬክ ዱቄት የሚነፋበት፣ በእጅ የሚያዘው ነው። የሚነፉት ዱቄት ደግሞ ብርቱካናማ! አጠገቤ የቆሙትን አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ «አረንጓዴ ይሆናል አይደል እንዴ የሚባለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠብቅ» አሉኝ። ዱቄቱ ውሃው ላይ እንደ በርበሬ ተበተነ። ሁለተኛው ጀልባ ከኋላ እየመጣ፣ እየዞረ ሲያማስለው ቀለሙ ከሥር ፈንድቶ ወጣ። የሣር አረንጓዴ እንዳይመስላችሁ። የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ የምጠብቀው ቀለም፣ በአንድ ጊዜ ወንዝ ሙሉ።

ሽማግሌው እንዳጫወቱኝ ይህን የሚሠሩት የቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር አባላት ናቸው። ቀለሙ መጀመሪያ የመጣው ለበዓል ሳይሆን ለሥራ ነበር። ቆሻሻ ውሃ ከየትኛው ሕንፃ ወደ ወንዙ እንደሚገባ ለማወቅ በቧንቧው ቀለም ይለቁና አረንጓዴው የሚወጣበትን ይፈልጉ ነበር። በ1962 (እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ እዚህ ክር ላይ ዓመቱን ሁሉ እንደዚያው እንጻፍ) «ለምን ወንዙን ራሱን አንቀባውም?» ተባለና 100 ፓውንድ ጨመሩበት። ወንዙ ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። አሁን የሚጨምሩት ከአትክልት የሚሠራ ቀለም ነው፣ መጠኑም አንሷል፤ ቅመማውን ግን ለማንም አይናገሩም።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እነዚህ ሰዎች እንደ እኛው በስደት የመጡ ናቸው። እኛ ለአንዲት ደመራ ከእሳት አደጋ ሰዎች ፈቃድ ስንለምን፣ ችቦው በሦስት ክንድ እንዲያጥር ስንታዘዝ፣ እነርሱ የከተማን ወንዝ እስከ መቀባት እንዴት ደረሱ? ይህ ቅዱስ ፓትሪክ የሚሉትስ ማን ነው?


ጥያቄ አያልቅብኝ (ቺካጎ)፣ ከምሽቱ 2:31

ወንድሜ፣ ብዙ አትመራመር፤ የቢራ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት አረንጓዴ ጺም የለጠፉ ሦስት ጎረምሶች ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ኋላ መቀመጫዬ ላይ አስታወኩብኝ። ሽታው እስከ ትንሣኤ አልለቀቀኝም። ቅዱሱ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?


መምህር በጡረታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ከምሽቱ 3:45

ልጄ ባለታክሲው፣ ደኅና ጥያቄ ጠየቅህ። ጥያቄ አያልቅብኝም ስለ መኪናህ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ከስካሩ ጀርባ ብዙ ነገር አለ።

በቅዱሱ ልጀምር። ፓትሪክ በአምስተኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ሮማውያን ይገዟት በነበረችው ብሪታንያ የተወለደ ሰው ነው፤ ስለዚህ በትውልዱ አየርላንዳዊ እንኳ አይደለም። በ16 ዓመቱ ገደማ ወንበዴዎች ማርከው አየርላንድ ውስጥ ባሪያ አደረጉት፤ ስድስት ዓመት ከብት ጠበቀ። አምልጦ አገሩ ገባና ኋላ ጳጳስ ሆኖ ወደ ማረኩት ሰዎች ተመለሰ። ይህን ታሪክ ስታነቡ ማን ትዝ አላችሁ? እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩ ዕለት «ይህማ የእኛው ፍሬምናጦስ ነው!» ብያለሁ። ከጢሮስ የተነሣ ልጅ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይማረካል፣ አክሱም ቤተ መንግሥት ያድጋል፣ እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ይሾምና አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆኖ ይመለሳል። እባብ ከአየርላንድ አባረረ የሚለውን ግን ለልጆች ተዉት፤ በዚያች ደሴት ቀድሞም እባብ አልነበረም።

ወደ ሰልፉ ልምጣ። በአሜሪካ ምድር በመዝገብ የተገኘው የመጀመሪያው የፓትሪክ ሰልፍ በ1601 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በስፔኖች ቅኝ በነበረችው ሴንት ኦገስቲን የተደረገው ነው። ቦስተን ላይ በ1737 የአየርላንድ ተወላጆች የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁመው ቀኑን አከበሩ፤ እነዚያ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ኒው ዮርክ ላይ በ1762 የወጡት ደግሞ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አየርላንዳውያን ናቸው። እስከዚህ ድረስ የጥቂት ሰዎች ናፍቆት ነው።

ነገሩን የለወጠው ረሃቡ ነው። ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ መታው። ድሃው ሕዝብ የሚበላው ድንች ብቻ ነበር፤ እህሉና ከብቱ ግን በዚያው ወራት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ከረሃቡ በፊት ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበረባት ደሴት ዛሬም ያንን ቁጥር አልመለሰችም። አሜሪካ ሲደርሱ የጠበቃቸው እልልታ አልነበረም። በ1844፣ ገና ከረሃቡ በፊት፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ሁለት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋይተዋል። በ1854 ደግሞ ስለ ማኅበራቸው ሲጠየቁ «ምንም አላውቅም» ብለው እንዲመልሱ የተማማሉ፣ ስደተኛና ካቶሊክ ጠል ፖለቲከኞች የማሳቹሴትስን ምክር ቤት ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያዙት።

እንግዲህ ሰልፉን በዚህ ዓይን እዩት። ደሳሳ ቤት ውስጥ በኮሌራ የሚያልቅ፣ በጋዜጣ ላይ በዝንጀሮ መልክ የሚሣል ሕዝብ በዓመት አንድ ቀን ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ ባንዲራውን ይዞ በመሐል ከተማ ያልፋል። የሚያደራጀውም ወፈፌ ግለሰብ ሳይሆን ማኅበር ነው። በ1836 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተውን የሂበርኒያኖች (የአየርላንዶች ማለት ነው) ማኅበር ውሰዱ፦ የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ ቤተ ክርስቲያን ሊቃጠል ነው ሲባል ዘብ ይቆማል። ከእድር በምን ይለያል? ከንቲባው በረንዳ ላይ ቆሞ ያ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ጆሮው ጥሩንባ ይሰማል፣ ልቡ ግን ድምፅ ይቆጥራል። በ1880 ኒው ዮርክ፣ በ1884 ቦስተን የመጀመሪያዎቹን አየርላንዳዊ ካቶሊክ ከንቲባዎች መረጡ። ወንዙ የተቀባው በ1962 ነው ብለሃል፤ ዋይት ሐውስ ማን እንደነበረ፣ ቺካጎን ማን ያስተዳድር እንደነበር እስቲ አስብ። ኬኔዲና ዴሊ፤ ሁለቱም አየርላንዳዊ ካቶሊኮች።


ባለታክሲው፣ ከምሽቱ 4:02

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዴሊ ቤተሰብ ሰፈር ብሪጅፖርት ነው፤ እዚያ ሰው ሳደርስ አንድ ደንበኛዬ አያት ቅድመ አያቶቹ ቦይ ቆፋሪዎች እንደነበሩ ነግሮኛል። ወንዙን ከሚሲሲፒ በኩል ካለው ውሃ ጋር ያገናኘውን ቦይ ከ1836 እስከ 1848 በአካፋና በዶማ የቆፈሩት በአብዛኛው አየርላንዶች ናቸው። ስለዚህ ወንዙን መቀባት ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም፤ ቀድመው በላባቸው ቀብተውታል።


ወለተ ማርያም (ቦስተን)፣ ከምሽቱ 4:20

እኔ ታሪኩን እንደ መምህር አልተነትነውም፤ የጎረቤቴን ሳህን ልንገራችሁ።

ከእኔ በታች ያሉት ባልቴት አያታቸው ከኮርክ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ መጋቢት 8 ቀን (የእነርሱ ማርች 17) በሬን አንኳኩተው በፎይል የተሸፈነ ሳህን ያቀብሉኛል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ጣት የወፈረ ቀይ የተቀመመ የበሬ ሥጋ። በሁዳዴ! የመጀመሪያውን ዓመት ምን እንደምል ጠፍቶኝ ሳህኑን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፤ እርሳቸው እንድቀምስ ይጠብቃሉ። «ጾም ላይ ነኝ» ስላቸው ሳቁና «እኛም ነን» አሉኝ። ለካ በዓሉ ሁልጊዜ የሚውለው በእነርሱም ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ቀኑ ዓርብ ላይ ሲውል፣ ለምሳሌ በ2017 እና በ2023፣ ብዙ ጳጳሳት ለዚያች ቀን ሥጋ ፈቅደዋል። «የእናንተ ጳጳስስ?» አሉኝ። የእኛ ጳጳስ ይህን ቢሰማ ብዬ እኔም ሳቅሁ። አሁን ጎመኑንና ድንቹን ለብቻ ቀቅለው፣ ዘይት ብቻ አድርገው ያመጡልኛል፤ ሥጋውን የላይኛው ፎቅ ተማሪ ይበላዋል።

ደግሞ ይህ ሥጋ የአየርላንድ ምግብ እንዳይመስላችሁ። አገራቸው የሚበሉት የአሳማ ሥጋ ነበር። ኒው ዮርክ ሲደርሱ እርሱ ተወደደባቸው፤ ሰፈር ይጋሯቸው ከነበሩት አይሁድ ሥጋ ሻጮች የበሬውን በርካሽ ገዙ። እኛ እዚህ ጤፍ ሳይገኝ በፊት በሩዝና በገብስ ዱቄት እንጀራ እንደጋገርነው ማለት ነው። ያን እንጀራ ዛሬ የሚናፍቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ቦስተን ላይ ሌላም ብልሃት አለ። የእንግሊዝ ጦር ከቦስተን የወጣው ማርች 17 ቀን 1776 ነው፤ ስለዚህ በዚህ አውራጃ ቀኑ በሕግ የሚከበር በዓል ነው። የነጻነት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ግን የለበሰው አረንጓዴ ነው።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ (ኒው ዮርክ)፣ ከሌሊቱ 5:15

አምስተኛው ጎዳና ላይ የሕንፃ በረኛ ሆኜ ስለምሠራ ሰልፉ በፊቴ ያልፋል። መኪና የለም፣ በመኪና የሚጎተት ማማ የለም፤ ሁሉም በእግሩ ነው። ከ44ኛው መንገድ ተነስቶ እስከ 79ኛው ይዘልቃል። ፊት የሚመራው 69ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው፤ ጥጃ የሚያካክሉ ውሾቻቸውን አስከትለው። ከዚያ ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ የእሳት አደጋው፣ የየአውራጃው ማኅበር፣ ቦርሳ የመሰለ ዋሽንት የሚነፉት። ልጆቻቸው ሲጨፍሩ አይታችኋል? ከወገብ በላይ ግንድ ናቸው፤ እጃቸው ከጎናቸው ተጣብቆ እግራቸው ብቻ ይንበለበላል። እኔ በሩን ይዤ ትከሻዬን ነቅነቅ ሳደርግ አንዲት ልጅ አይታ በሳቅ ፈነዳች። እነርሱ ትከሻቸውን፣ እኛ እግራችንን የት እንደጣልነው እንጃ።

ግን መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ዘለሉ። በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ ድሃው ሲዘምት ሀብታሙ 300 ዶላር ከፍሎ ይቀራል የሚል ሕግ ወጣ። ጁላይ ላይ ሕዝቡ ተነሣ፤ ከተነሡት የሚበዙት አየርላንዶች ነበሩ። ቁጣቸው ግን ሕጉን ባወጡት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ጥቁሮችን እያደኑ ገደሉ። የጥቁር ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያውን ዘርፈው አቃጠሉት። ከ200 በላይ ሕፃናት በጓሮ ወጥተው ተረፉ። ማሳደጊያው የነበረው የት መሰላችሁ? አምስተኛው ጎዳና ላይ፣ በ43ኛውና በ44ኛው መካከል። ሰልፉ የሚነሣበት ቦታ! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጥሩንባው ሲጀምር ወደዚያ በኩል ሳላይ አላልፍም።


ጥያቄ አያልቅብኝ፣ ከሌሊቱ 5:40

አየህ! እኔም ልጨምርልህ። በካሪቢያን ባሕር ሞንሰራት የምትባል ደሴት አለች። እዚያ የአየርላንድ ተወላጆች ራሳቸው የባሪያ ጌቶች ነበሩ። በ1768 ባሮቹ ሊያምፁ የቀጠሩት ለፓትሪክ ቀን ነው፤ ጌቶቻቸው ሲያከብሩና ሲጠጡ ለመያዝ። ምሥጢሩ ወጣና ተሰቀሉ። ዛሬ በደሴቲቱ ማርች 17 የሕዝብ በዓል ሆኖ የሚዘከረው ያ አመፅ ነው። ስለዚህ «የቢራ ቀን ነው» ስል ማስረጃ አለኝ።


መምህር በጡረታ፣ እሑድ ከጠዋቱ 1:05

የዶሮ ማነቂያው ልጅ እውነት ተናግሯል፤ መዝለሌም ስህተት ነው። ከባርነት ያመለጠው ጥቁር አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 አየርላንድ ሄዶ በክብር እንደተቀበሉት፣ የአየርላንድ ካቶሊኮች መሪ ዳንኤል ኦኮኔል ባርነትን አጥብቆ ይቃወም እንደነበር ሳስብ የ1863ቱ ነገር ይበልጥ ያመኛል። ትናንት የተረገጠ ዛሬ አሜሪካ ገብቶ ከእርሱ በታች ያለውን ሲፈልግ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። እኛም ራሳችንን እንመርምር፤ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ሰልፉ ራሱም ደም ያየ ነው። በ1871 ጁላይ 12 ፕሮቴስታንት አየርላንዳውያን ኒው ዮርክ ላይ የራሳቸውን ሰልፍ ሲወጡ ከካቶሊኮቹ ጋር ተጋጩ፤ ሚሊሺያው ተኮሰ፤ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። የአንድ አገር ሰዎች፣ በአንድ የስደት ከተማ፣ አገራቸው ላይ በ1690 በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ነገሥታት መካከል በተደረገ ጦርነት ምክንያት። የእኛ ማኅበራት በየሁለት ዓመቱ ለሁለት ሲከፈሉ የሚያዝኑ ካላችሁ ይህን አስታውሱ።

«ማን ይሰለፍ?» የሚለውም ጠብ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የቦስተን አዘጋጆች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ቡድን አናስገባም አሉ፤ በ1995 ዘጠኙም ዳኞች «ሰልፍ ንግግር ነው፤ የሚናገረውን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው» በሚል ሐሳብ ፈረዱላቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ቦስተንም ኒው ዮርክም በራሳቸው ፈቃድ ከፈቱ። ፍርድ ቤቱ ያላስገደዳቸውን ቢራ ፋብሪካዎቹ ገንዘባቸውን ሲከለክሉ አሰቡበት።


ሰላም ከደብሊን፣ እሑድ ከጠዋቱ 3:30

ሰላም ለሁላችሁ። ሁላችሁም ስለ አሜሪካ ታወራላችሁ፤ እስቲ አገራቸውን ልንገራችሁ።

እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጅነታቸው የፓትሪክ ቀን ሲያወሩ ሰልፍ የሚል ቃል ብዙም አይሰማም። ጠዋት ቅዳሴ፣ ደረት ላይ የምትሰካ የሻምሮክ ቅጠል (የእኛ የማገጥ ዘመድ ናት፣ ሦስት ቅጠል ያላት)፣ ለሕፃናት ከረሜላ። ቀኑ በ1903 በሕግ በዓል ሆነ እንጂ መጠጥ ቤቶቹ እስከ 1960ዎቹ መግቢያ ድረስ በዚያ ቀን ዝግ ነበሩ። አዎ፣ ዝግ! ጥያቄ አያልቅብኝ ይህን ልብ በል። የዛሬው የደብሊን ፌስቲቫል የተጀመረው በ1996 ነው፤ ጎብኚ ለመሳብ። የአሜሪካ ተማሪዎች የጥሩንባ ጓዶች ውቅያኖስ አቋርጠው እየመጡ ይሰለፋሉ። አንዲት የዘጠና ዓመት እናት በመስኮት እያዩ «እነዚህ ልጆች አየርላንዳዊነትን ሊያስተምሩን መጡ» አሉኝ። ሲያፌዙ ይሁን ሲያመሰግኑ ፊታቸው አያስታውቅም።

ሌላው ነገር፦ ከየት ነሽ ሲሉኝ «ኢትዮጵያ» ካልኩ እነዚህ ሽማግሌዎች ዝም ይላሉ። ከዚያ 1985ን ያነሣሉ። ለሰባ ሰባቱ ረሃብ ያንን ትልቅ ኮንሰርት ካዘጋጁት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር ደግሞ አየርላንድን የሚያህል የሰጠ አገር አልነበረም። ያኔ ድሆች ነበሩ፤ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ይሰደድ ነበር። አንድ ሽማግሌ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሸጠው እንደሰጡ ነገሩኝ፤ ባለቤታቸው እስኪሞቱ ድረስ «ጠፋብኝ» ሲሉ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ወሎ የተወለድኩ ነኝ። ምን እንደምላቸው ስላላወቅሁ ትራሳቸውን አስተካከልኩ።

ኮርክ አውራጃ ውስጥ ሚድልተን የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ረጃጅም የብረት ላባዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከምድራቸው ተነቅለው የተባረሩት የቾክታው ሕንዶች (የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች) በ1847 ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ለአየርላንድ ረሃብተኞች 170 ዶላር ልከው ነበር፤ ላባዎቹ የዚያ ምስጋና ናቸው። በ2020 ወረርሽኙ ናቫሆና ሆፒ ሕንዶችን ሲጎዳ ከአየርላንድ የጎረፈው ገንዘብ ላይ ብዙዎች ያንን 170 ዶላር ጠቅሰው ጽፈዋል።


ወለተ ማርያም፣ እሑድ ከጠዋቱ 3:52

የቀለበቱን ነገር ለባልቴቷ ላነብላቸው ነው።


ጥያቄ አያልቅብኝ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:00

እሺ፣ ተሸነፍኩ፤ ቢያንስ ለደብሊን። ግን የባለታክሲው ጥያቄ አልተመለሰም። እኛስ? ከ1984 ጀምሮ ጁላይ መግቢያ ላይ የኳስ ውድድራችን በየከተማው ስንትና ስንት ሰው ይሰበስባል። ግን ስታዲየም ገብተን፣ እርስ በርሳችን ተያይተን፣ ክትፎ በልተን እንወጣለን። የከተማው ሰው መኖራችንን የሚያውቀው መኪና ማቆሚያ ሲያጣ ነው።


ባለታክሲው፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:09

ለምን እንደዚያ እንደሆነ እኔም ትናንት ድልድዩ ላይ ሳስብ ነበር። መልስ የለኝም። ሽማግሌውን «የመጀመሪያውን ዓመት ማን ፈቀደላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፈቃጁም የእኛው ሰው ነበር» አሉና ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።


ጥያቄ አያልቅብኝ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:12

ለመሆኑ የደቡቡ ሰፈር ሰልፍ ዛሬ አይደለም እንዴ? በስካሩ ብዛት ሁለት ዓመት አቋርጠውት በ2012 የመለሱት? ወደ 111ኛው የማደርሳት ደንበኛ አለችኝ። ዌስተርን ጎዳና ከስንት ሰዓት ይዘጋል?


ባለታክሲው፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:15

ሰልፉ 6 ሰዓት ላይ ከ103ኛው ይነሣል፤ መንገዱን ግን ቀደም ብለው ነው የሚዘጉት። አሁኑኑ አድርሳት። ከዚያ መኪናህን ራቅ አድርገህ አቁምና 107ኛው ጥግ ላይ ና፤ ሻይ በፔርሙስ ይዣለሁ።